አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ ሰው

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ባንክ ውስጥ ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። በእጄ ያለችው ቁራጭ ወረቀት 64 ትላለች። መስኮቱ ጋ የቆሙት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን የክብሪት ሳጥን በምታህል የአሻራ ማንበቢያ ላይ ጭነዋል። ማሽኗ ቀይ ታበራለች። ወጣቱ ሠራተኛ ጣታቸውን በሶፍት ጠረገላቸውና «እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት» አላቸው። ጫን አደረጉት። ቀይ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት፣ ሁሉም ቀይ። ልጁ እጃቸውን ወደ መብራቱ አዞር አድርጎ ሲያየው የጣቶቻቸው ጫፍ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው።

«ምን ሲሠሩበት ኖረው ነው እማማ?»

«ጥጥ ስፈትልበት ነዋ! እንዝርት ሳሾር አይደል ያረጀሁት።»

ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ጠጋ አለ። «ምነው እትዬን አስቆማችኋቸው? እኔ አውቃቸዋለሁ እኮ! እኔ ሳልቀጠር ጀምሮ ነው እዚህ ቤት የሚመጡት።»

ልጁ ፈገግ አለ። «አንተማ ታውቃቸዋለህ፤ ሲስተሙ ነው ያላወቃቸው።»

እናትየዋ አንዴ ጥበቃውን አንዴ ልጁን አዩ። «እኔው ራሴ ቆሜ እያየኸኝ፣ ጣቴ እኔን አላውቅም አለች?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የወጣሁት። ሰው የክፍሎቹ ድምር ነው ወይስ ከድምሩ የሚተርፍ ነገር አለው የሚለው ነገር ድሮ የሊቃውንት ጉባኤ ወይም የፍልስፍና ክፍል ጨዋታ ነበር። አሁን ግን ባንክ ወረፋ ላይ፣ የሲም ካርድ መሸጫ ውስጥ፣ የስልክ ብድር ስንጠይቅ በየቀኑ መልስ እየተሰጠበት ነው። መልስ የሚሰጡት ደግሞ ጥያቄው መኖሩን እንኳ ልብ አላሉም።

በአማርኛ ፋይዳ ማለት ጥቅም፣ ቁም ነገር ማለት ነው። «ፋይዳ የለውም» የተባለ ነገር ይጣላል፤ «ፋይዳ ቢስ» የተባለ ሰው ደግሞ ይቀየማል። ብሔራዊውን ዲጂታል መታወቂያ «ፋይዳ» ብሎ የሰየመው ሰው ወይ ቀልድ አዋቂ ነው ወይ ጨርሶ ቀልድ አያውቅም፤ ምክንያቱም ዛሬ «ፋይዳ አለህ?» ተብሎ መጠየቅ በአዲስ አበባ የተለመደ ሰላምታ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ይህ መታወቂያ ስምህን፣ የትውልድ ቀንህን፣ ጾታህን፣ አድራሻህን ይመዘግባል፤ ከዚያ የአሥሩን ጣትህን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይንህን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክብ) እና የፊትህን ፎቶ ይወስዳል። በመጨረሻ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ትሆናለህ። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለዚህ ቁጥር አዲስ የባንክ ሒሳብ መክፈት አይቻልም።

እንግዲህ ማሽኗ ቀይ ስታበራ ምን ማለቷ ነው? የሚወዳደረው የጣቱ ሙሉ ሥዕል አይደለም። የቆዳው መስመሮች የሚቋረጡባቸውና እንደ መንታ መንገድ የሚከፈሉባቸው ነጥቦች ይለቀማሉ፣ አቀማመጣቸው ወደ ቁጥር ይለወጣል፣ የዛሬው ቁጥር በምዝገባው ቀን ከተወሰደው ጋር ይተያያል። ውጤቱ «አዎ ናት» ወይም «አይደለችም» ሆኖ አይወጣም። የሚወጣው የመመሳሰል ነጥብ ነው። ማለፊያው ስንት ይሁን የሚለውን የሚቆርጠው ደግሞ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ማለፊያው ከፍ ሲል አጭበርባሪ ይቀንሳል፣ ነገር ግን እውነተኛው ባለቤት ይመለሳል። ዝቅ ሲል የተገላቢጦሽ። ስለዚህ ማሽኗ «እኚህ ሴትዮ እሳቸው አይደሉም» አላለችም፤ «ማለፊያ አላመጡም» ነው ያለችው። ወረፋ ላይ ለቆመ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

የጣት መስመር እናታችን ማሕፀን ውስጥ እያለን የሚሠራ ነገር ነው። በዘር ቅንጣታቸው አንድ የሆኑ መንትዮች እንኳ አሻራቸው ይለያያል። ይሁን እንጂ ድንጋይ የሚያነሳ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ልብስ የሚያጥብ እጅ ይፋቃል፤ ሲያረጅ ደግሞ ቆዳው ይደርቃል። አንድን ሰው ከሌላው ይለያል የተባለውን ክፍል የበላው የሰውየው ኑሮ ራሱ ነው ማለት ነው። እኚያ እናት ማን እንደሆኑ ከምንም በላይ የሚናገረው ያ ልሙጥ ጣት ነበር። ማሽኗ ግን እሱን ባዶ ብላ አነበበችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ፤ በኋላ የምለው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም። «ያው ሰው ነው ወይ?» እና «ማን ነው?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ትናንት የተመዘገበውና ዛሬ የመጣው አንድ መሆናቸውን ብቻ ይጠይቃል። ሁለተኛው ማንነትን ይጠይቃል። ፋይዳ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው፣ ለእሱም ጥሩ መሣሪያ ነው። ጣጣው የሚመጣው የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ስንጠቀምበት ነው።

ልዩነቱ በላዳ ይገባል። እድሜ የጠገበ የላዳ ታክሲ ባለቤት ስለ መኪናው ሲያወራ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ሞተሩ ወርዶ ተቀይሯል፣ ማርሹ ከሱማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የመጣ ነው፣ ሁለቱ በሮች የሌላ ላዳ ናቸው፣ ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደተቀባ አይታወቅም። ያም ሆኖ «ይቺን ላዳ ልጄ ሳይወለድ ነው የገዛኋት» ይላል፤ ማንም አይከራከረውም። የጥንት ግሪኮች ይህንን ጥያቄ ሳንቃው አንድ በአንድ በተቀየረ የቴሴዎስ መርከብ ያነሱት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ አንድ ተንኮል ጨመረበት፦ የወለቁትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሁለተኛ መርከብ የሠራ ሰው ቢኖር፣ የቱ ነው የቴሴዎስ? ሆብስ ሱማሌ ተራን ሳያይ ይህን ማሰቡ ይደንቀኛል። መንገድ ትራንስፖርት ግን አይጨነቅም። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር ያያል፣ አለቀ። የሻንሲው ቁጥር መኪናዋ ያቺው መሆኗን ይነግረዋል። ለባለቤቱ ስንት ልጅ እንዳሳደገችለት ግን አይነግረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

የእኛስ ሻንሲ የቱ ነው? ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይሞታል። የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን በቀናት ውስጥ ይታደሳል። አጥንት እንኳ ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ ይሠራል። አብረውን የሚያረጁት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ የአንጎል ነርቮች፣ የጥርስ ሽፋን፣ የዓይን ሌንስ መሐል። ክብደታችንን በንጥረ ነገር ብናሰላው 65 በመቶው ኦክሲጅን፣ 18 በመቶው ካርቦን፣ 10 በመቶው ሃይድሮጅን፣ 3 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ይህን ሁሉ ገዝቶ አንድ በርሜል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። በርሜሉ ግን ዕቁብ አይጥልም።

«ታዲያ ከክፍሎቹ ሌላ የተጨመረ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ መዝለል ቀላል ነው። እኔ እዚያ ላይ እቆያለሁ። አርስቶትል ይህንን ሲያስረዳ በፊደል ነው የጀመረው፤ ክፍለ ቃል የፊደላቱ ክምር አይደለም፣ ሥጋም እሳትና መሬት ብቻ አይደለም ይላል። የእኛ ፊደል ደግሞ ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አለው። «ል» እና «ብ» ስጡኝ። ልብ ይሆናል። ገልብጡት፤ ብል ይሆናል፣ ልብስ የሚበላው። አንድ ሦስተኛ ፊደል አልጨመርንም፣ የተለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ «አለ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ፊደሉ ያው፣ አሰላለፉም ያው። ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ፣ ተገኘ። የቱ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አይታይም። የምታውቁት ከጎረቤቶቹ ቃላት ነው፤ «እውነቱን አለ» እና «እቤት አለ»። አየር ላይ የሚንሳፈፍ ተጨማሪ ክፍል ሳያስፈልገን ከድምሩ የሚተርፈውን ነገር አገኘነው፦ መጀመሪያ በክፍሎቹ መካከል፣ ቀጥሎ በቃሉና በጎረቤቱ መካከል።

የሳይንስ ሰዎችም በራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ሲ. ኤሌጋንስ የምትባል ትል አለች፤ በተለምዶ የሚጠናው ዓይነቷ 302 የነርቭ ሴሎች ብቻ ናቸው ያሏት። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳየው ካርታ በ1986 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ክፍሎቹም አሰላለፋቸውም ተቆጥሮ አልቋል ማለት ነው። ሆኖም ይህች ትል በሚቀጥለው ደቂቃ ወዴት እንደምትታጠፍ ካርታውን ብቻ አይቶ በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም፤ ግንኙነቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ በዙሪያው ምን ኬሚካል እንደሚፈስ፣ ትሏ ቀደም ብሎ ምን እንደገጠማት ካርታው አይናገርም። የሰው አንጎል ውስጥ ያሉት ነርቮች 86 ቢሊዮን ይገመታሉ። ስለዚህ በ12 አሃዝ ሰው አወቅሁ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ትሏን ይጨርስ።

በሌላ በኩል ትርፉ ከክፍሎቹ ነጻ ነው ማለትም ውሸት ነው። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ያስታመመ ያውቃል፤ ክፍል ሲጎድል ሰውም አብሮ ይጎድላል። የልጇ ስም የጠፋባት እናት አለች። እዚያ ቤት ግን አንድ ነገር ሲሆን አይቻለሁ። እሷ የረሳችውን ልጆቿ ያስታውሱላታል። ቡናዋን እንዴት እንደምትወድ፣ የትኛው መዝሙር ሲጀመር እንደምታለቅስ፣ ማንን ተቀይማ እንደነበር። የሰውየው አንድ ክፍል ከራስ ቅሉ ውጪ፣ ሌላ ሰው ዘንድ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ስማችንስ ቢሆን? «ስምህ ማን ነው፣ እስከ አያት» ስንባል ከምንጠራቸው ሦስት ስሞች ሁለቱ የሌላ ሰው ናቸው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ሰው በክፍል ይቆጠራል። አራት ባሕርያተ ሥጋ፦ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት። ሦስት ባሕርያተ ነፍስ፦ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት። ድምሩ ሰባት። ሊቃውንቱ ዝርዝር አይጠሉም ነበር፤ እንዲያውም ከእኛ ይበልጥ ይወዳሉ። ዝርዝሩን ከዘረዘሩ በኋላ ግን ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው አንድ ሰው ሆኑ ነው የሚሉት፤ ተደምረው ሁለት ሆኑ አይሉም። ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት አንዷ ነባቢት፣ ማለትም ተናጋሪ መሆኗን ልብ በሉልኝ። መናገር ሰሚ ይፈልጋል።

ከላይ ያልኩት ሁሉ ወደ ገንዘብ ሲመጣ ይከብዳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀምር ገንዘብ መላኪያና መቀበያ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉትን ብድሮች አመጣ። ማስያዣ የለም፣ ዋስ የለም፣ ቢሮ መሄድ የለም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ባንኮችም ተመሳሳይ ብድር ይዘው መጥተዋል። የእንዲህ ዓይነት ብድር አሠራር በጥቅሉ አንድ ነው፦ ምን ያህል ታንቀሳቅሳለህ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ያለፈውን በሰዓቱ መልሰሃል ወይ የሚሉት ይለቀማሉ፣ ነጥብ ይሆናሉ፣ ነጥቡ የሚፈቀድልህን ብር ይወስናል። እዚህ ላይ ነው «ያው ሰው ነው ወይ?» ቀስ ብሎ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ወደሚለው የሚሻገረው። ሁለት ወር ሆስፒታል እናቱን ሲያስታምም ሥራ የፈታ ልጅና ሁለት ወር ቁማር ቤት የከረመ ልጅ፣ ስልካቸው ላይ የሚታየው አንድ ዓይነት ጭር ማለት ነው። ለሰፈሩ ባለ ሱቅ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ለመጀመሪያው ዱቤ ደብተሩን ይገልጥለታል፣ ለሁለተኛው «አልቋል» ይለዋል፤ ስኳሩ ከኋላው እየታየ።

ይህን ጽፌ ዱቤ ደብተሩን ላወድስ ፈልጌ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር ደብተሩም ያደላል። የአዲስ አበባ ሰው «ሰው አለኝ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጉዳይህ በሰው ያልቃል፤ ሰው ከሌለህ ነገ ና ትባላለህ። ጥበቃው «አውቃቸዋለሁ» ማለቱ ልብ ያሞቃል፤ ያው አፍ ግን የማያውቃትን ገረድ ከበር ይመልሳል። ትናንት ከገጠር ለመጣ፣ አጎት ለሌለው፣ ስሙ ሲጠራ ፊት ለሚቋጠርበት ሰው ምንም የማያውቅ ማሽን ትልቅ ዕረፍት ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የምትል መስመር የነበረችበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ለፋይዳ ስትመዘገብ ብሔርህም ሃይማኖትህም አይጠየቅም። ድምሩ ሲያንስ ነጻነቱ የሚሰፋበት ቦታ አለ። ሰውን «ሙሉ በሙሉ አውቀዋለሁ» ከሚል ጎረቤት፣ አሥር ጣቴን ብቻ የሚያውቅ ማሽን አንዳንዴ ይሻለኛል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ጥሩ የሚሠራው ድምሩ በየቦታው እንዳይጠራቀም ሲይዘው ነው፤ ባንኩ የሚያውቀውን ቀጣሪው፣ ቀጣሪው የሚያውቀውን አከራዩ እንዳያውቅ።

ግን ደግሞ ሰው ያለ ጎረቤት «አለ» እንደሚለው ቃል መሆኑን ከፒያሳ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ሲፈርስ የተነሱት ሰዎች ክፍሎቻቸውን በሙሉ ይዘው ነው የሄዱት። አካላቸው፣ ዕቃቸው፣ መታወቂያቸው፣ ስልካቸው፤ የቀረ የለም። ሆኖም እዚያ «የእንትና እናት» ማለት በቂ አድራሻ ነበር፤ ዕድሩ ማን እንደታመመ ሳይነገረው ያውቅ ነበር፣ ባለ ሱቁ ያበድር ነበር። አዲሱ ብሎክ ላይ በአራተኛ ፎቅ በር ቁጥር ይታወቃሉ። ያው ሰው መሆናቸውን ማንም አይክድም። ማን እንደሆኑ የሚያውቀው ግን ከተማው ዳር ለዳር ተበትኗል። ካሳ ሲሰላ ካሬ ሜትር ይለካል፤ ይህ የሚለካበት ሜትር የለም። ስለሌለ በቀላሉ ይዘነጋል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ያልተቆጠረ ነገር አለመቆጠሩን እንጂ አለመኖሩን አያሳይም።

ወደ ዋስ ልመለስ፤ የዘነጋነው ነገር አለ። ድሮ ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ፣ ወይም በሰንሰለት ታስሮ አብሮ ይውል ነበር፤ ቁራኛ ይሉታል። ዋስ ያለው ግን በሌላ ሰው ቃል ነጻ ይሄድ ነበር። ዋሱ ዝም ብሎ «አውቀዋለሁ» አይልም፤ ቢጠፋ እኔ አለሁ ይላል፤ ይከፍላል። የባንኩ ጥበቃ «አውቃቸዋለሁ» እና የዋስ «አውቀዋለሁ» ልዩነታቸው ይህ ነው። አንዱ ወሬ ነው፣ አንዱ ኃላፊነት።

ፋይዳ ራሱ ይህን ያውቃል። ምንም ሰነድ የሌለው ሰው ለመመዝገብ ሲመጣ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ምስክር ሆኖለት ይገባል። አስቡት። አይሪስና አሻራ፣ ሰርቨርና ባለ 12 አሃዝ ቁጥር፣ ከዚህ ሁሉ ግርጌ አንድ ሰው ቆሞ «አዎ፣ እሱ ነው» ይላል። ይህ መግቢያው በር ላይ ከተፈቀደ፣ ውስጥ ሲገባ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ጣት እንቢ ሲል አይሪስ፣ አይሪስ ሲቸግር በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር፣ እሱም ሲጠፋ ስሙንና ቁጥሩን ጽፎ የሚፈርም፣ ቢዋሽ የሚጠየቅ ምስክር። ምስክሩ የሚጠራው ማለፊያ ላጡት ብቻ ስለሆነ «ሰው አለኝ» ወደሚለው በሽታ አይመልሰንም። ለሠራተኛውም ቢሆን «ሲስተሙ ነው» ብሎ ከመሸሸግ ያድነዋል።

የዚያን ዕለት ልጁ እስከ ዘጠነኛው ጣት ሄደ። የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት ላይ ሲደርስ ማሽኗ አረንጓዴ አበራች። ጥበቃው «ይኸው!» ብሎ አጨበጨበ፣ ከወረፋው ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እናትየዋ ግን አልሳቁም። ቀለበት የሌለበትን ጣታቸውን አገላብጠው አዩት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ልጁ የአባቱን ስም ነገራቸው።

«ሰፈራችሁ?»

«ሰባራ ባቡር ነበር፣ አሁን ተነስተናል።»

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«አለች፣ እግዜር ይመስገን።»

«በል ሰላም በልልኝ» አሉት፤ የማያውቋትን። ብራቸውን ሁለት ጊዜ ቆጥረው በመቀነታቸው ቋጠሩት። 64 ተጠራ።